ሁለተኛው ካሴት እኔ ዘንድ ይቆያል

ሁሉን በሚያይ በእግዚአብሔር ስም፤ ከእርሱ በቀር ማንም ሳያየኝ እንዳልሞት እለምነዋለሁ።

እኔ ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ክፍሉ፣ ዕድሜዬ ሰባ አንድ ዓመት፣ መኖሪያዬ በሜሪላንድ ግዛት በሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ በአንድ አፓርትመንት አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ዛሬ ቅዳሜ ኅዳር 14 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ በዚህ አገር አቆጣጠር ኖቬምበር 23 ቀን 2013፣ ከቀትር በኋላ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ በሙሉ ፈቃዴ ይህን የኑዛዜ ቃል ሰጥቻለሁ። ቃሌን የሚጽፉልኝ ከሮክቪል የመጡት፣ አገር ቤት የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበሩት አቶ ንጉሡ ናቸው። ምስክሮቼ የዚህ ሕንፃ የጥገና ሠራተኛ የሆነው ጎረቤቴ በፍቃዱ ሥዩም፣ ባለቤቱ ወይዘሮ ሃኒ፣ እንዲሁም የማኅበር ጓደኛዬ ወይዘሮ ወርቅውሃ ናቸው። ወራሼ አንዲት ልጄ ሄለን ናት፤ ከአሌክሳንድሪያ ተጠርታ መጥታ፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

አእምሮዬ ጤነኛ ነው። የሚጠራጠር ቢኖር ከመደርደሪያዬ ያሻውን የፊልም ካሴት ያንሳና ይጠይቀኝ፤ ማን ከማን እንደሚጋባ፣ ማን ማንን እንደሚከዳ፣ ማን ሳይናዘዝ እንደሚሞት እነግረዋለሁ። በፍቃዱ ሦስት ጊዜ ፈትኖኝ ሦስቱንም መልሻለሁ። ልቤ ግን ፈርቷል። አቶ ንጉሡ ፍርሃት የኑዛዜን ቃል አያፈርስም ስላሉኝ፣ ፍርሃቴም ከንብረቴ ጋር አብሮ ይጻፍልኝ ብያለሁ።

አንደኛ፦ በባንክ ያለችኝ ጥቂት ገንዘብ ለቀብሬና ለተዝካሬ ትዋል፤ የተረፈው ለልጅ ልጄ ለሀሴት ይሁን። ስለ ገንዘብ ከዚህ በላይ የምናገረው የለኝም።

ሁለተኛ፦ የአንገት ወርቄ፣ ጥልፍ ቀሚሶቼና የቤት ዕቃዬ የሄለን ናቸው። ሶፋው አርጅቷልና ብትጥለው አልቀየማትም።

ሦስተኛ፦ ፊልሞቼ። ሰው የሰበሰብኩት በእነዚህ ምክንያት ነው።

በ1991 ዓ.ም. ሄለን አስመጥታኝ ወደዚህ አገር ስመጣ፣ ሄርንደን አጠገብ በአንድ ሆቴል አልጋ አነጥፍ ነበር። እንግሊዝኛ የተማርኩት ቤቴ ተቀምጬ ከጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። የዛሬዎቹ ተዋንያን ሲናገሩ ባቡር ያመለጣቸው ይመስላሉ። በጥንቱ ፊልም ግን አንዱ ተናግሮ እስኪጨርስ ሌላው ይሰማዋል፤ እኔም ሰው ሲሰማ ማየት ደስ ይለኛል። ሰው አሮጌ ዕቃውን ደጁ ላይ ከሚሸጥበት ያርድ ሴል፣ ከቤተ መጻሕፍት ርካሽ ሽያጭ፣ በኋላም ቪዲዮ ማከራያዎቹ አንድ በአንድ ሲዘጉ በካርቶን እየገዛሁ አከማቸኋቸው። የእንግሊዝኛ ስማቸው አልያዝ ስለሚለኝ የራሴን ስም አወጣሁላቸው፤ ባለ ባርኔጣው ዳኛ፣ ሁለቱ እኅትማማቾች፣ የመብራት ማማዋ መበለት እያልኩ በእጄ ጻፍኩባቸው።

ረጃጅሞቹ ፊልሞች አንድ ካሴት አይበቃቸውም፤ መጀመሪያው በአንዱ፣ መጨረሻው በሌላው ይቀዳል። ሄለን ይህን አታውቅም ነበር። በ2001 ዓ.ም. ለፋሲካ ቤቴን ልታጸዳልኝ መጥታ፣ አንድ ስም የተጻፈባቸው ሁለት ሁለት ካሴቶች ብታይ፣ እናቴ ድርብ ድርብ ነው የያዘችው ብላ ከየጥንዱ አንዳንዱን አውጥታ ያገለገለ ዕቃ ለሚሸጥ የምጽዋት መደብር ሰጠችው። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ መደርደሪያው አምሮበታል። ማታ የአንዱን ፊልም መጨረሻ ልይ ብዬ ብፈልግ የለም። የሌላውም የለም። ቂም ይዤባት ነበር፤ ለበጎ ብላ ያደረገችው ነውና አፍ አውጥቼ አልተናገርኳትም እንጂ። ከዚያ ወዲህ በየያርድ ሴሉ ጎንበስ ብዬ ሁለተኛ ካሴት ስፈልግ ኖሬአለሁ። ብዙዎቹን ተክቻለሁ፤ ጥቂቶቹ ግን እስከ ዛሬ መጨረሻ የላቸውም።

አራተኛ፦ ዕዳዬ። ያለብኝ ዕዳ አንድ ካሴት ነው።

በግድግዳ የሚለየኝ ጎረቤቴ ሚስተር ዋልተር የሚባል ሽማግሌ ነበር። እርሱም እንደ እኔ ብቻውን የጥንት ፊልም ያያል። በር ላይ ካሴት እንለዋወጥ ነበር፤ ከሰላምታና “ጉድ ፊልም” ከማለት ያለፈ ንግግር አልነበረንም፤ ግን ሳቁን በግድግዳው እሰማው ነበር። ባለፈው መስከረም መጨረሻ ከግድግዳው ወዲያ አንድ ዜማ ይሰማ ጀመር። እርሱ ዲቪዲ ገዝቶ ነበር። ዲቪዲ ደግሞ ፊልሙ ሲያልቅ ወደ መነሻው ምስል ይመለስና ያችኑ ቁራጭ ሙዚቃ ይደጋግማል፤ ሰው ካላጠፋው አያቆምም። ጠዋት ስነሳ አለ። ስተኛም አለ። እኔም እሰይ፣ ሚስተር ዋልተር ደኅና ነው፣ ፊልሙን እያየ ነው እል ነበር። ከሳምንት በላይ እንዲህ ስል ከረምኩ። በመጨረሻ በፍቃዱ ታዝዞ በሩን በቁልፍ ከፈተ። ሰውየው ወንበሩ ላይ ነበር።

እዚህ ላይ በፍቃዱ፣ “ይተዉት እትዬ፣ እሱን ባይጽፉት ይሻላል” አለኝ። ይጻፍ አልኩ።

ዘመዶቹ ከሩቅ መጥተው ቤቱን በግማሽ ቀን ባዶ አደረጉት። ፊልሞቹን በሙሉ በጓሮ ካለው ትልቅ የቆሻሻ ሣጥን ውስጥ ጣሏቸው። እላያቸው ላይ የእኔ ካሴት፣ በእጄ የጻፍኩበት፣ ተጋድሞ አየሁት። በፍቃዱ ሣጥኑ ውስጥ ገብቶ አወጣልኝ። የሚስተር ዋልተር ካሴት ደግሞ እኔ ዘንድ ቀርቷል፤ የምመልስለት ሰው የለም። ስለዚህ ወራሼ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በመስከረም፣ ትየው። ያ ዜማ ግን ከጆሮዬ አልወጣ ብሏል። ሳህን ሳጥብ ይመጣል፤ ጸሎት ስጀምርም ይመጣል።

አሁን ሄለን የማታውቀውን እናገራለሁ። በጥቅምት አንድ ቀን የመብራት ማማዋን መበለት እያየሁ፣ ውኃ ልጠጣ ብዬ ስነሳ ልቤ ተንቀጠቀጠና ወደቅሁ። ራሴን አልሳትኩም፤ እግሬ ግን አልታዘዝም አለኝ። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ነው። ፊልሙ ቀጠለ። መበለቲቱ መብራቷን ስታበራ፣ መርከቡ ሲቃረብ፣ እኔ ወለል ላይ ሆኜ ድምፁን ብቻ ሰማሁ። ፊልሙ አለቀ። የቪዲዮ ማጫወቻው ዴክ ካሴቱን ሽርርር አድርጎ ወደ ኋላ አጠነጠነ፤ ከዚያ ቀጭ አለና ቆመ። ቤቱ ጭጭ አለ።

የሚስተር ዋልተር ቴሌቪዥን ከሳምንት በላይ ጮኾ ማንም አልመጣለትም። የእኔ ዴክ ሥራውን ጨርሶ ራሱን ያጠፋል። እኔን ማን ሊሰማኝ ነው? ይህን አሰብኩና እንደ ሕፃን ፈራሁ። ተጣራሁ፤ ድምፄ ከራሴ ጆሮ አላለፈም። ብዙ ቆይቼ እግሬ ሲመለስልኝ ሶፋውን ይዤ ተነሳሁ። ሐኪሙ የልብ ምት መዛባት ነው አለ፤ መድኃኒት ሰጠኝ፤ ተመልሶ ሊመጣ ይችላልም አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ፊልም እስከ መጨረሻው አላየሁም። ሊያልቅ ሲል አቆመዋለሁ፤ ያችን ቀጭ የምትል ድምፅ ብቻዬን መስማት አልችልም። ሞትን እፈራለሁ። ከዚያ አብልጬ የምፈራው ግን ከሞትኩ በኋላ እስክገኝ ድረስ ያለውን ጊዜ ነው።

ሄለን ከሶፋው ተነሳች። የተናገረችው እንዳለ ይጻፍ ብያለሁ።

“ማሚ! መቼ ነው ይሄ የሆነው? ለምን ኮል አላደረግሽኝም? በየቀኑ ቴክስት ሳደርግልሽ ‘ፋይን ነኝ’ ነው የምትይኝ!”

“ከተነሳሁ በኋላ ፋይን ነበርኩ።”

“ኖ፣ በቃ። ዕቃሽን ፓክ እናድርግና ከእኔ ጋር ትኖሪያለሽ። ቤዝመንቱ ባዶ ነው።”

“አንቺ ከጠዋት እስከ ማታ ሥራ ነሽ። ከምድር በታች ቤዝመንትሽ ውስጥም ብቻዬን ነኝ። እዚህ ቢያንስ በፍቃዱ አለ። ደግሞ እርጥበቱ ካሴት ያበላሻል።”

“ስለ ካሴት ነው አሁን የምታወሪው?”

አዎን፣ ስለ ካሴት ነው።

አምስተኛ፦ በሁለት ካሴት የተቀዱት ፊልሞቼ በሙሉ የሄለን ናቸው። ርክክቡ ግን ሞቴን አይጠብቅም፤ ከዛሬ ይጀምራል። ዛሬ የአንዱን ፊልም የመጀመሪያ ካሴት ትወስዳለች፤ ሁለተኛው ካሴት እኔ ዘንድ ይቆያል። በሚመጣው ቅዳሜ ራሷ መጥታ ሁለተኛውን ትወስዳለች፤ ያን ጊዜ የሚቀጥለውን ፊልም መጀመሪያ እሰጣታለሁ። በፖስታ አልልክም፤ በሰው እጅም አልሰጥም። አንድ ቅዳሜ የቀረች እንደሆነ ያ ፊልም መጨረሻ አልባ ሆኖ ይቀርባታል። ያ ምን እንደሚመስል እኔ አሳምሬ አውቀዋለሁ።

አቶ ንጉሡ ብዕራቸውን አስቀመጡ። “ወይዘሮ የዓለምዘርፍ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህ ኑዛዜ አይባልም። ኑዛዜ የሚጸናው ሰው ከሞተ በኋላ ነው።”

“እኔ ከዚያ በፊት እንዲጸናልኝ ነው የምፈልገው። ይጻፉት።”

“ካሴቶቹ ያለቁ እንደሆነስ?”

“ረጃጅም ረጃጅሙን እየፈለግሁ እገዛለሁ።”

ስድስተኛ፦ መጨረሻ የሌላቸው ፊልሞች ለወይዘሮ ወርቅውሃ ይሁኑ። ፊልም ሲታይ አፏን አትዘጋም፤ መጨረሻውንም ቀድማ እያወራች ስታናድደኝ ኖራለች። እነዚህን እንደ ፈቀደች ትጨርሳቸው። አቶ ንጉሡ ምስክር የሆነ ሰው ከኑዛዜው መጠቀም አይገባውም፣ ከሁለት አንዱን ትምረጥ ቢሉ፣ ወይዘሮ ወርቅውሃ፣ “ምስክርነቱን ትቻለሁ፤ ካሴቶቼን ስጪኝ” ብላለች። ስለዚህ ምስክሮቼ በፍቃዱና ባለቤቱ ብቻ ናቸው፤ ሁለቱ ይበቃሉ ተብሏል። የቀሩት አጫጭር ፊልሞቼ ደግሞ ከእኔ በኋላ ለሚወድ ሰው ይሰጡ። የሚወድ ካልተገኘ ሄለን ትያዛቸው። በምንም ምክንያት እዚያ የቆሻሻ ሣጥን ውስጥ እንዳይገቡ፤ ይህን በእግዚአብሔር ስም ለምኛለሁ።

ሄለን መደርደሪያው ፊት ቆማ ካሴቶቹን በጣቷ እየነካች፣ “ማሚ፣ እኔ እኮ ዴክ የለኝም” አለች።

እውነቷን ነው። ይህን አላሰብኩበትም ነበር።

“የመጀመሪያውን ብትሰጪኝ በምን አየዋለሁ? ሁለቱንም እዚሁ ተዪልኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ሁለቱንም አብረን እናያለን። ሀሴትንም አመጣታለሁ።”

“ሀሴት ‘ኢት ኢዝ ሶ ስሎው’፣ ተንቀረፈፈ እያለች ስልኳን ነው የምታየው።”

“ትበል። እዚሁ ተቀምጣ ትበል።”

ያን ጊዜ በፍቃዱ፣ “እኔም ጠዋት ሥራ ስገባ በርዎን አንኳኳለሁ እትዬ። ካልመለሱልኝ እከፍታለሁ። እንደዚያኛው ያለ በር ሁለተኛ መክፈት አልፈልግም” አለ። ለካ ያን ዜማ እርሱም ይሰማዋል።

ስለዚህ አምስተኛው አንቀጽ ተሰርዞ በሚከተለው ተተክቷል፦ ሁለቱም ካሴቶች ከመደርደሪያው አይነሱም፤ ሄለን ትመጣለች።

ሰባተኛ፦ የመብራት ማማዋ መበለት ዴኩ ውስጥ ናት፤ ትናንት ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አቁሜዋለሁ። ፊርማው እንዳለቀ እከፍተዋለሁ። ማንም ተነስቶ እንዳይሄድ፤ ወርቅውሃም እንዳታወራ። ካሴቱ ተጠንጥኖ እስኪቆም ከእኔ ጋር ተቀመጡ። ቀጭ ሲል ቤቴ ውስጥ ሰው እንዲኖር እፈልጋለሁ።

ይህ ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቼዋለሁ፤ እንዳልኩትም ተጽፏል።

ተናዛዥ፦ የዓለምዘርፍ ክፍሉ፣ ፊርማ

ምስክር፦ በፍቃዱ ሥዩም፣ ፊርማ

ምስክር፦ ሃኒ ሚካኤል፣ ፊርማ

የጸሐፊው ቃል፦ ከላይ ያለውን ተናዛዥዋ ሲናገሩ እየሰማሁ የጻፍኩት እኔ ንጉሡ ፀሐዩ ነኝ። ከፊርማው በኋላ በሰባተኛው አንቀጽ እንደታዘዘው ፊልሙ ተከፈተ። ወይዘሮ ወርቅውሃ አንድ ጊዜ ሊናገሩ ብለው ተዉት። መርከቡ ደረሰ፤ ፊልሙ አለቀ። ዴኩ ካሴቱን ማጠንጠን ሲጀምር ተናዛዥዋ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ የሶፋውን ጠርዝ ጨብጠው ይዘው ነበር። ቀጭ አለና ቆመ። ቤቱ ዝም አለ፤ ከእኛም የተነሳ የለም። ሄለን ካፖርቷን አውልቃ ከእናቷ እግር ሥር ወለሉ ላይ ተቀምጣ ነበርና፣ “አለሁ ማሚ፤ አለሁ” አለች። ተናዛዥዋም ዓይናቸውን ሳይገልጡ “ይጻፍ” አሉኝ፤ ጽፌአለሁ።