ቆቃ ላይ ጆሮዬ የገባው

ውድ ጃዕፈር፣

መቂ እንዴት ይዛሃለች? የማሳ ፓምፕ ጥገናው እንደተመቸህ እህትህ ሑስና ነገረችኝ። እናትህ ሚስት እየፈለጉልህ እንደሆነም ሹክ አለችኝ። ያን ቀን ከሬዲዮ ጥገና ሱቃችን እስከ ቤቴ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ብደውልልህ በቀልድ እንደማሳልፈው ስለማውቅ ነው የምጽፍልህ።

ቆቃ የሄድንበትን ቀን ታስታውሳለህ? "ዓሣ ውሃ ውስጥ ያወራል" ብለህ ማይክ በሃይላንድ ጠርሙስ አሽገን የወጣንበትን። ከዚያ በፊት ሳምንት ሙሉ ተጨቃጭቀን ነበር። ማይኩን እንዲያሠራልን የሞተር ሳይክል ባትሪ ከአሥራ ሁለት ቮልት ወደ አምስት ለማውረድ አንተ "ሊኒየር ሬጉሌተር ይሁን፤ ትርፉን በሙቀት ያቃጥለዋል እንጂ ድምፅ አይረብሽም" አልክ። እኔ ደግሞ "ጣት የሚጠብስ ነገር ምን ያደርግልናል? ስዊቺንጉ ይሻላል፤ ኤሌክትሪኩን ቶሎ ቶሎ እየቆራረጠ ስለሚያሳልፍ ብዙም አይግልም፣ ባትሪውም ይቆያል" አልኩ።

"መቆራረጡ እኮ ነው ማይኩ ላይ ሲር የሚለው፣ አንቺ ግትር!" ብለህ ጮህክብኝ። እንደ ልማዴ ረታሁህ።

በዓሣ አጥማጁ በቶሌራ ጀልባ ሽቦውን እየለቀቅክ ራቅክ። እኔ ማዳመጫውን አድርጌ ዳር ቀረሁ። ሐይቁና ሰማዩ አንድ ሆነው ጀልባዋ አየር ላይ የተቀመጠች ትመስል ነበር። ጠርሙሱን ከመንከርህ በፊት ወደ አፍህ አስጠጋኸው።

ስትመለስ "ሰማሽኝ?" አልከኝ።

"ኧረ ምንም! ሲር ብቻ ነው። እውነትህን ነው፣ ሊኒየር ይሻለን ነበር።"

"አላልኩሽም?" ብለህ ሳቅክ፤ ፊትህ ግን ጠቆረ። በወሩ መቂ ገባህ።

ጃዕፈር፣ ዋሽቼሃለሁ። ጩኸቱን የሚያጠፋ ካፓሲተር ሳልነግርህ በይጄበት ነበር፤ ትንፋሽህ ሳይቀር ይሰማ ነበር። "ኑሲ፣ ሽማግሌ ብልክ እሺ ትያለሽ?" ነው ያልከው። እሺ ካልኩ ጭቅጭቃችን፣ ሳቃችን፣ ያ ሁሉ ጓደኝነት የሚቀር መስሎኝ ፈራሁ። ግን አንተስ? እኔ ኑሰይባ መቼ በክርክር እጅ ሰጥቼ አውቃለሁ? እንዴት አልጠረጠርክም?

አንዳንዴ ከሰዓት ሱቁ ጭር ሲል ከምንም ጋር ያልተገናኘውን ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አደርጋለሁ። ውሃው የጀልባዋን ጎን ቀስ ብሎ ሲመታ ይሰማኛል፤ ከዚያ ያንተ ድምፅ ይመጣል፣ ጥያቄውም። ዓይኔን ስገልጥ አዳማ ናት፤ ባጃጆች ጥሩንባቸውን ይነፋሉ፣ ደንበኛ ሬዲዮውን ይዞ ቆሟል።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የኔው ግን ነቀዘ። ናፍቀኸኛል፣ እወድሃለሁም። ለሌላ ሴት ቃል ገብተህ ከሆነ ደብዳቤዬን ቀደህ ጣለው፤ አልቀየምህም። አሁንም ዋሸሁ፣ እቀየምሃለሁ።

ቃል ካልገባህ ግን መልሴ እሺ ነው። እሁድ ከዙህር ሶላት በኋላ አባዬ ቤት ይኖራል።

ኑሰይባ
አዳማ