ከግቢው በር የወጣ ሐዲድ

ሰኞ

መጣ! መብራት መጣ! የሳሎኑ አምፖል ብልጭ ሲል ጮህኩ፤ ሰፈሩም አብሮኝ ጮኸ። ወልድያ ውስጥ ለደስታ ከተጮኸ ስንት ወሩ!

ቀጥታ ወደ ፍየሎቹ ጋጣ ሮጥኩ። ሰርቨሬ፣ መረጃ የማከማችበት ትልቁ ኮምፒውተር፣ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ፣ ገለባ ተከምሮበት፣ ታጣቂዎቹ ከተማዋን በያዙባቸው ወራት ሁሉ እዚያ ነው የከረመው። ፍየሎቹን ታጣቂዎቹ አርደው በሏቸው። ገለባ የሚፈልግ ግን አልነበረም።

አራግፌ ሳሎን ባለው የብረት ካቢኔት ውስጥ አስቀመጥኩትና ሰካሁት። ፋኑ ዞረ! ከአራቱ ሃርድ ዲስኮች ሦስቱ ተነሱ። አራተኛው ዝም። የኮሌጁ ተማሪዎች ውጤት ያለው ደግሞ እሱ ላይ ነው። የኔ ነገር!

የኮሌጁ መዝገብ ቤት ተቃጥሏል፤ ሌላ ቅጂ የለም። እኔ የኮምፒውተር ባለሙያቸው ነኝ። ቅጂውን ቤቴ ያኖርኩት የቢሮው ጣሪያ ስለሚያፈስ ነበር እንጂ እንዲህ ያለ ቀን ይመጣል ብዬ አይደለም።

ማክሰኞ

ችግሩ ታወቀ፤ የአራተኛው ዲስክ ገመድ ላልቷል። በጣት ጫን ሲሉት ይነሳል፣ ሲለቁት ይተኛል። አውጥቼ እሸጉጠዋለሁ፣ ስመልሰው ይንገጫገጭና ይሞታል። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ከካቢኔቱ ውጭ እንዳላሠራው የመብራቱ ጉልበት ከፍ ዝቅ ይላል፤ ኃይሉን የሚያመጣጥነው ስታቢላይዘር ደግሞ ካቢኔቱ ውስጥ የታሰረ ነው፣ ገመዱም ከክንድ አይረዝምም።

መፍትሔው አንድ ነው፤ ተንሸራታቾቹን የብረት ሐዲዶች መግጠም። ያኔ ሰርቨሩ ሳይጠፋ እንደ መሳቢያ ወጣ ገባ ይላል። ከካቢኔቱ ጋር የገዛኋቸው ናቸው፤ «ነገ እገጥማቸዋለሁ» እያልኩ ጦርነቱ ደረሰብኝ። ካርቶኑን ከፈትኩ። አንድ ሐዲድ ብቻ!

የፈለግሁባቸው ቦታዎች፦ አልጋ ሥር፣ ማድ ቤት፣ ቆጥ ላይ፣ ገለባው ውስጥ፣ እንደገና አልጋ ሥር።

ማታ ላይ ሰሚራ ከደሴ ደወለች። የአከራዬ የእትዬ ዘሀራ ልጅ ናት፤ ነርስነት የተማረችው እኛው ኮሌጅ ነው። አንድ ክሊኒክ ሊቀጥራት ነው፤ እስከ ዓርብ ውጤቷን ካላመጣች ግን ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። «አለ አይደል?» አለችኝ። «አለ» አልኳት። አፌ አያርፍም።

ረቡዕ

ተገኘ! ዳቦ ልገዛ ስወጣ የግቢውን በር መቀርቀሪያ ሳብኩና እጄ ላይ ቀረ። ሐዲዱ! ስንት ወር በየቀኑ ስነካው የኖርኩት። መሀሉ ጎብጧል።

እትዬ ዘሀራ አልደነገጡም። «የድሮው መቀርቀሪያ ለማገዶ ሄደ። ይሄን ካንቺ ካርቶን ወሰድሁት፤ ያኔ ማን ማንን ያስፈቅዳል?» አሉኝ። ቀጥለው ድምፃቸውን ቀነሱ። «እነዚያ በሩን በትከሻ ሲገፉት ሰሚራ ውስጥ ነበረች። ብረቱ ጎበጠ እንጂ አልለቀቀም። እሱን ነቅለሽ እኔ እንዴት ብዬ እተኛለሁ ልጄ?»

አስታወስኩ። ሦስታችን ከበሩ ኋላ ቁጭ ብለን ትንፋሻችንን ውጠን ነበር። የጎበጠው ያን ቀን ነው። አለቀስኩ፤ ዳቦውንም ረሳሁት።

ግን አልቀረልኝም፣ ነገርኳቸው። «እትዬ፣ የሰሚራ ወረቀት ያለበት ሳጥን ያለዚህ ብረት እሺ አይለኝም።»

በሩን ዞረው አዩት። «እንግዲህ አላህ ያውቃል። በይ ውሰጅ። ግን ሳይመሽ፣ መግሪብ ሳይደርስ ሌላ አምጪልኝ።»

የወልድያ በያጆች መሣሪያ ተዘርፏል፤ በሚኒባስ መርሳ ወረድኩ። ጋሽ ይመር የሚባሉ በያጅ ሐዲዱን የእንጨት ግንድ ላይ አጋድመው በመዶሻ ቀስ እያሉ አቀኑልኝ። «እሳት አላሳየውም፤ ጉልበቱን ያጣል» አሉ። ለበሩ ደግሞ መንገድ ዳር ከተቃጠለ መኪና የሞላ ብረት፣ ባሌስትራ፣ ቆርጠው ሰጡኝ። «ይሄን ታንክ ይግፋው!»

ስመለስ ኬላ ላይ ፈታሹ ሐዲዱን አንስቶ አገላበጠው።

«ምንድን ነው?»

«የኮምፒውተር መሳቢያ።»

«ታዲያ ምነው ቅቤ ቅቤ ይሸታል?»

ሚኒባሱ ሙሉ ሳቀ። ለካ እትዬ ዘሀራ በሩ ሲከፈት ድምፅ እንዳያሰማ የፀጉር ቅቤ ሲቀቡት ኖረዋል። የመግሪብ አዛን ሳይሰማ ደረስኩ። ባሌስትራውን በሩ ላይ ራሳቸው አስገቡት፣ ሁለቴ ነቀነቁትና ወደ ቤት ገቡ።

ሐሙስ

ሐዲዱን በነጭ ጋዝ አጠብኩት። ቅቤና አቧራ ተጋግሮ የሚንሸራተትባቸውን ትናንሽ ኳሶች፣ ኩሽኔታዎቹን፣ አሥሯቸው ነበር፤ አንድ በአንድ ተፈቱ፣ ዞሩ። ሽታው ግን የሚለቅ አይመስልም።

ገጠምኩ። ግራው ከቀኙ አንድ ቀዳዳ ዝቅ ብሎ ኖሮ ሰርቨሩ አዘመመ። ስምንት ብሎን ፈታሁ፣ ስምንት ብሎን አሠርኩ። ካቻቢቴው መዳፌን ላጠው። ከዚያ ሳብ አደረግሁት፦ ሽው! ገፋ አደረግሁት፦ ሽው! ብቻዬን ሳቅሁ። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም!

ክዳኑን ልከፍት ስል መብራት ሄደ። ቀኑን ሙሉ አልመጣም። ሰሚራ ሁለት ጊዜ ደወለች። አላነሳሁላትም።

ዓርብ

ጠዋት መብራት መጣ። ሰርቨሩን አስነሳሁ፣ ሳብኩ፣ ክዳኑን ከፈትኩ። ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ቁራጭ ቆርጬ ገመዱን ሸጎጥኩት። አራተኛው ዲስክ ተነሳ! ቀስ ብዬ መልሼ ገፋሁት። አልተንገጫገጨም። አልሞተም።

የሁሉም ውጤት አለ። ሁሉም! መጀመሪያ ሌላ ዲስክ ላይ ገለበጥኩ፣ ከዚያ የሰሚራን አውጥቼ በስልክ ላክሁላት። የኮሌጁ ኃላፊም ማኅተሙን ይዞ እየመጣ ነው።

እትዬ ዘሀራ ገብተው ካቢኔቱ ፊት ቆሙ። ሐዲዳቸውን ወዲያው ለዩት፤ በቅቤ ሽታው ይሁን በጉብጠቱ ምልክት እንጃ። ሰርቨሩን በሁለት ጣት ሳብ አደረጉት። መጣላቸው።

«ይሄ ብረት ለመክፈትም ይሆን ኖሯል?» አሉ።

ከደሴ እስካሁን መልስ የለም። እየጠበቅን ነው። እሳቸው ሰርቨሩን አሁንም እያወጡ እያስገቡ ነው። የዲስኩ ነገር ያስፈራኛል፤ ግን ይሁን፣ ይሳቡት።