የሀዳ ዘይነባ ሻሽ

ኅዳር 9፣ ከሰዓት
ለአንቺ ብቻ ነው፣ ደብተሬ። ዛሬ ክፍል ውስጥ፣ ጉልበት ሳይጎዳ እንዴት ቁጢጥ እንደሚባል ላሳይ ቁጢጥ አልኩ። መነሳት አቃተኝ! ስንት ዓመት መድረክ ላይ እስክስታ የወረድኩት፣ አሁን የሰውነት እንቅስቃሴና ጉዳት መከላከል አስተማሪዋ። ሁለት ተማሪዎች በብብቴ ይዘው አነሱኝ። ጅማ ወሬ አታሳድርም፤ እስካሁን ቦሳ አዲስ ሰፈር ደርሷል።

ኅዳር 12፣ የቡ
ወሬው ከጅማ ወጥቶ እዚህ የቡም ደርሷል። ትከሻቸውን ላይላቸው የመጣሁባቸው ሀዳ ዘይነባ ገና ሲያዩኝ፣ "ነይ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ዛሬስ ማን አነሳሽ?"
ሀዳ እላቸዋለሁ፣ እንደ እናት። ዕድሜ ልካቸውን የቡና ቅርንጫፍ በቀኝ እጃቸው ወደ ታች እየሳቡ ለቅመዋል። አሁን ትከሻቸው ደርቋል፤ ክንዳቸው ወደ ላይ አይወጣም። ሻሻቸውን የምታስርላቸው ልጃቸው ራውዳ ናት። እሷ ደግሞ ጥር ላይ አግብታ አጋሮ ልትሄድ ነው። በሰርጉ ጠዋት ሻሼን ራሴ ልሰር፣ ልጄ እያሰበችኝ አትሂድ አሉ።
ጣታቸውን እንደ ጉንዳን ግድግዳው ላይ ቀስ እያሉ እንዲያወጡ ነገርኳቸው። የደረሱበትን በከሰል ማስመር። መድረስ ያለባቸውን የመጨረሻዋን መስመር፣ ፋኖሱ ከሚሰቀልበት ሚስማር አንድ ስንዝር ዝቅ አድርጌ፣ እኔ አሰመርኩ።

ታኅሣሥ 20
አሥራ አንድ መስመር! ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያሳያሉ አሉ፣ እንደ ልጅ ፎቶ። የኔ መስመር ጋ ለመድረስ አራት ጣት ቀራቸው።

ጥር 8
ጉድ ሆነናል። የሰፈሩ ሴቶች ሰርግ ደረሰ ብለው ቤቱን በጭቃ ለሰኑት። መስመሮቹንም! ስደርስ ሀዳ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ሴቶቹ እጃቸው ጭቃ እንደሆነ ቆመዋል፣ አፍረው።
ልፋቴ ተለሰነ አሉኝ። የዳነው ትከሻዎ እንጂ ግድግዳው አይደለም አልኩ።
"አንቺ ደግሞ! ቁጢጥ ብለሽ የቀረሽ!"
ግን ተነሱ። ጣታቸው እርጥቡ ጭቃ ላይ ወጣ፣ ወጣ፣ ቆመ። ትንሽ ጉድጓድ ሠራ። ከሚስማሩ ሁለት ጣት ብቻ ዝቅ ብሎ፣ ከኔ መስመር በላይ! አልሐምዱሊላህ አሉ። እልልታው መንገድ ድረስ። ራውዳ ዞር ብላ አለቀሰች።

ጥር 12፣ 11፡00 ሰዓት
ሰርጉ ነገ። እጅ ማውጣት ሌላ፣ ከማጅራት ኋላ መቋጠር ሌላ። ፈርቻለሁ። ወስኛለሁም፦ እኔም ራውዳም እጃችንን አጣምረን እንቆማለን። ሻሹ ሦስቴ ቢወድቅ እንኳ አናነሳም። ቋጠሮው መያዝ አለመያዙን ግን፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ መጥቼ እነግርሻለሁ።