ጎረምሳን ያሳከከው

ጥቅምት 9
ዛሬም ሆቴሉ ውስጥ አንሶላ ሳጥፍ ዋልኩ። ቤት ስገባ ጎረምሳ የፊት እግሩን ይልሳል። ሽማግሌ ውሻ ጎረምሳ ይባላል? አባዬ ነው ያወጣለት፣ ቡችላ ሳለ። ብብቱ ቀልቷል፣ ጆሮው ይሸታል። ቁንጫ ፈለግኩ፣ የለም። የግቢያችን ልብስ ሰፊ፣ "እህቴ፣ እከክ ነው። ልጆቼ ላይ ሳይጋባ አንድ በሉት" አለችኝ። ምን ልበላት?

ጥቅምት 12
የእንስሳት ሐኪሟ ቆዳውን ፍቃ በማይክሮስኮፕ አየችው። እከክ አይደለም፣ አይጋባም። "አለርጂ ነው። ከምግብ ሳይሆን አይቀርም" አለች። ሲበላ የኖረው ዶሮና እንቁላል ነው... ከእንግዲህ ሁለት ወር ሙሉ ዓሣና ድንች ብቻ። "አንዲት ቁራሽ ብትሾልክ ልፋታችሁ ገደል ገባ።" ማስታገሻ ክኒንም ሰጠችን።

አባዬ፣ ክኒኑን የምሰጠው እኔ ነኝ አለ። እማዬ ከሞተች ወዲህ እኔ ልሥራ ሲል የመጀመሪያው ነው። ደስ አለኝ።

ጥቅምት 30
ዓሣ ስቀቅል ቤቱ ሸተተ፣ እኔም ሸተትኩ። ሥራ ቦታ እንኳ ሰው ራቅ ብሎኝ ነው የሚቀመጠው። ጎረምሳ ትንሽ የቀለለው መሰለኝ። ወይስ ምኞቴ ነው?

ኅዳር 14
ምኞቴ ነበር። ሆዱን ምንጣፍ ላይ ሲፈትግ ደማ። ሐኪሟ፣ "ሌላ ነገር ቀምሷል?" አለች። ምንም ብዬ ማልኩ። አባዬም ማለ።

ልብስ ሰፊዋ ለአከራያችን ነግራለች። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልዳነ ይውጣ ተብሏል። አባዬ ይህን ሲሰማ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ የጎረምሳን ጆሮ ያሽለት ጀመር። ማታ ማታ ሲያወራው እሰማለሁ፣ ለእኔ የማያወራውን ሁሉ። ውሻው ከወጣ ከማን ጋር ሊያወራ ነው?

ኅዳር 17
ደከመኝ።

ኅዳር 19
ከሥራ ቀደም ብዬ መጣሁ። አባዬ ወጥ ቤት ቆሞ የተቀቀለ እንቁላል አስኳል ይደቁሳል። መሃሉ ላይ ክኒኑን ሸጎጠ። ጎረምሳ ጅራቱን እየቆላ ዋጠው።

"አባዬ፣ ምንድነው እሱ?"

"ክኒኑ ነዋ። ባዶውንማ ይተፋዋል።"

"በየቀኑ እንደዚህ ነው የምትሰጠው?"

"አንድም ቀን አላሳለፍኩም።" በኩራት ነው ያለው።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ለአባዬ መድኃኒት ነው እንጂ ምግብ አይደለም። ሲምልም ከልቡ ነው... እኔ ግን አላስቻለኝም። "ሲያሳክከው የከረመው በአንተ እጅ ነው" አልኩት። እጁን አየው። አስኳል ነክቶታል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ምነው ምላሴን በቆረጠው።

ኅዳር 21
እንደ አዲስ እንጀምር፣ ክኒኑን በድንች አድርገህ ስጠው አልኩት። "እሺ" አለ። ራት ላይ ጎረምሳ አገጩን የአባዬ ጉልበት ላይ ጣል አደረገ። የአባዬ እጅ ወደ ሳህኑ ሄደ፣ ተመለሰ። ደግሞ ሄደ። ሳይበላ ተነስቶ ክፍሉ ገባ።

ኅዳር 24
አባዬ ሌላ ከተማ ለሚኖረው ወንድሜ ራሱ ደወለለት። "መጥተህ ውሰደው። እኔ ዘንድ አይድንም፣ እጄ አያርፍም።" ለመንኩት። አከራዩን እኔ አናግራለሁ አልኩት። "ተይ ልጄ፣ እሱ ይዳን" አለ። ማምሻውን ወንድሜ መጥቶ ጎረምሳን ጫነው፤ መኪናው ሲነሳ አባዬ በር ድረስ እንኳ አልወጣም።

ጥር 27
ወንድሜ ፎቶ ላከ። ድኗል። ብብቱ ጠጉር አብቅሏል፣ ጆሮው ንጹሕ ነው። ሮጬ ለአባዬ አሳየሁት። ስልኩን አራቀው፣ አቀረበው።

"ይሄ የኛ አይደለም" አለ።

"እሱ እኮ ነው አባዬ። ድኖ ነው።"

"የኛው ያሳክከው ነበር።"

ስልኩን መለሰልኝና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።