በመስመሬ ላይ ቫልቩን ለዘጋው እጅ

ለክቡር የሰፈራችን የኢንተርኔት መስመር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎም፣ ወንበርዎም፣ ሲጮህ የማይነሣው ስልክዎም ደኅና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ ሽማግሌ ነኝ። ይህን የምትጽፍልኝ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር የምትቀመጠው ጸሐፊ ናት፤ ጨምራ ወይም አለዝባ እንዳትጽፍብኝ፣ በርዎ ላይ ከመለጠፉ በፊት ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ያነብልኛል። ልብስ ሰፊው የእርስዎ ዘመድ አለመሆኑንም አጣርቻለሁ።

ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማውን ውኃ ስከፍትና ስዘጋ ኖሬያለሁ። ከአንድ ቧንቧ ከሚቀዱ ሁለት ቤቶች አንዱ ሲሞላለት ሌላው ከተንጠባጠበበት፣ ቫልቩ ላይ፣ ማለትም መክፈቻና መዝጊያው ላይ፣ የሰው እጅ አለ ማለት ነው። አቤቱታዬን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር ይወዳሉ ሲሉ ሰምቻለሁ።

፩ኛ/ ልጄ ጆሮዋ አይሰማም፤ ባሏም እንደ እሷው ነው። እኔ አልጽፍ፣ እነሱ አያነቡ። ከሕፃንነቷ ጀምረን ሁለታችን ባወጣነው የእጅ ምልክት ነው የምንነጋገረው፤ ሌላ ሰው አይገባውም። ሩቅ አገር ስትዳር ይህን መስመር ያስገባሁት ሐሙስ ሐሙስ በስልክ ምስል እጇን ላይበት ነው። የዛሬ ሦስት ሳምንት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ አንድ ነገር ልትነግረኝ ስትጀምር ምስሉ ደረቀ። ሲመለስ ዓይኗን ትጠርጋለች፤ ወዲያው ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ በመጣ ቁጥር የማየው የደረቀ ፊት ነው። ታማ ይሁን ፀንሳ እስካሁን አላውቅም። በዚህ ዕድሜዬ እንቅልፍ እንዳላበዛ ስላሰቡልኝ አመሰግናለሁ።

፪ኛ/ ሠራተኛዎ ባለመሰላሉ መጀመሪያ መጥቶ ሽቦው አርጅቷል አለ፤ ተቀየረ። ሁለተኛ መጥቶ ቤትዎ ከሳጥኑ ይርቃል አለኝ። ከዳቦ ቤቱ ጋር አንድ ግድግዳ እንደምንጋራ፣ ሽቦአችንም ከአንድ ሳጥን ጎን ለጎን እንደሚወጣ በጣቴ አሳየሁት፤ የዳቦ ቤቱ ምስል እንደ ጅረት ይፈሳል። የዳቦ ቤቱ ባለቤት አማችዎ መሆኑን አላነሣሁበትም። አሁንም አላነሣም።

፫ኛ/ ሦስተኛ ጊዜ መለኪያ ይዞ መጣና ወደ ቢሮ ደወለ፤ ፍጥነቱ ወዲያው ጨመረ። «ተስተካክሏል» የሚል ወረቀት ላይ በአውራ ጣቴ አስፈርሞኝ ደጁን ሳይሻገር ምስሉ ተመልሶ ደረቀ። እኛም ተቆጣጣሪ ሲመጣ ከፍተን ሲሄድ እንዘጋ ስለነበር ሙያውን አልሳትኩትም። መሰላሉን ወደ ጓዳ አስገብቼ በሩ ላይ ተቀመጥኩ። ያኔ ፖርት የሚባል፣ የየቤቱ ሽቦ የሚሰካበት ቀዳዳ ቢሮ ውስጥ እንዳለ፣ የየቀዳዳውም ልክ ከዚያው እንደሚወሰን አስረዳኝ። የእኔ ዝቅተኛው ላይ ተቀምጧል። ምክንያቱ ተጽፎ እንደሆነ ጠየቅኩት፤ አንገቱን ደፍቶ ከስልኩ ላይ አነበበልኝ፤ «ደንበኛው ማንበብ አይችልም፤ ዝቅተኛው ይበቃዋል።»

መሰላሉን መለስኩለት።

ክቡር ሆይ፣ ፎርሙ ላይ የጣት አሻራዬን አይተው እንዲህ ስለመጠኑኝ እጅ እነሣለሁ። ግን ሒሳቡን ገልብጠውታል። ቀስ ብሎ የሚመጣ ነገር የሚበቃው ለሚያነብ ሰው ነው፤ ፊደል ባለበት ቆሞ ይጠብቃል። እጅ ግን ቆሞ አይጠብቅም።

፬ኛ/ የፊታችን ሐሙስ ሳይደርስ ቀዳዳዬን እንደ ዳቦ ቤቱ ያስተካክሉልኝ። ካልሆነ ወንበሬን ይዤ ቢሮዎ እመጣለሁ፤ ልጄን በእርስዎው ሽቦ አያታለሁ። ሻይ አያስፈልገኝም።

በታላቅ አክብሮት፣ ፊርማ የሌለኝ፣ የአውራ ጣቴ ቀለም ግን እስካሁን ያልደረቀብኝ፣
የቀድሞው የውኃ መስመር ሠራተኛ

ማሳሰቢያ፦ ሆዷን ሳትነካ በፊት፣ ምስሉ መቆራረጥ ሲጀምር፣ ማን እንደሚያስቆመው ልጄ አንድ ሐሙስ ጠይቃኝ ነበር። ለእርስዎ ምልክት ስላልነበረን አንድ አወጣሁልዎ፤ ጣትን ሰብስቦ፣ ቧንቧ እንደሚዘጋ ሰው ማዞር ነው። ሳቀች፤ ግማሹን ሳቋን አየሁት። በቤታችን ስምዎ ይኸው ሆኗል። ሆዷ ውስጥ ያለው ልጅ ከሆነ እሱም ይማረዋል። ሕመም ከሆነ ግን፣ ምልክቱን እኔው ራሴ መጥቼ አስተምርዎታለሁ።