ነጭ ቀበቶ በሃምሳ ስምንት ዓመቴ

ልጄ፣ የምትወጪበትም የምትገቢበትም ደጅ ሰላም ይሁንልሽ። እኛ ደህና ነን። አባትሽ ጥርሱን አስነቅሎ ሾርባ በሾርባ ሆኗል፤ የኩሽናው ቧንቧም እንዳንጠባጠበ ነው።

ካራቴውን ልተወው ነው ያልሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከሕፃናት ኋላ መቆም አሳፈረኝ ትያለሽ። እስቲ ምኑ እንደሚያሳፍር ልየው ብዬ፣ ከልብስ ስፌት ሱቄ ፊት ለፊት ያለው ካራቴ ቤት ተመዘገብኩ። ልብሱን ራሴ ሰፋሁት።

የመጀመሪያ ቀን አስተማሪው ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ፤ እኔም ጎንበስ አልኩ። እሱ ከታላቅ በፊት ቀና ማለት ነውር ሆነበት፣ እኔም ከአስተማሪ በፊት ቀና አልልም ብዬ ቀረሁ። ወገቤ ሊቆረጥ ሲል፣ "እማማ፣ እዚህ አንዴ ይበቃል" አለኝ።

ሰልፉ በቀበቶ ቀለም እንጂ በዕድሜ አይደለም፤ እኔም ነጭ ታጥቄ መጨረሻ ነኝ። የምታርመኝ የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ ልጅ ናት፣ ገና ስምንት ዓመቷ። "እማማ፣ አውራ ጣትዎን ጡጫዎ ውስጥ አይደብቁ፣ ይሰበራል" አለችኝ። እውነቷን ነው።

አንቺም ስትሄጂ የእግርሽን ጥፍር ቁረጪ፣ ቀለበትሽን አውልቂ፣ ከመምታት በፊት አወዳደቅ ልመጂ። እኔ እስካሁን የተማርኩት መውደቅ ብቻ ነው። ጎኔ በልዟል፤ ለአባትሽ እንዳትነግሪብኝ።

ከነጭ ቀጥሎ ያለው የቢጫ ቀበቶ ፈተናዬ ከሁለት ወር በኋላ ነው። ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናው፤ እስከዚያ እንዳታቋርጪ አደራ። ከሕፃን ኋላ መቆም ያሳፈረሽ ልጅ፣ እናትሽ ቀድማሽ ቢጫ ስትታጠቅ ምን ልትሆኚ ነው?

እናትሽ