ያልተረጎምኩልህ ጉርሻ

ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ
ሚያዝያ 12 ቀን 1980 ዓ.ም.

ውድ ነመራ፣

አካም ጂርታ? እኛ ሁላችን ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ውሸት ልጽፍልህ አይደለም ወረቀት ያነሳሁት። እኔ ደህና ነኝ፣ ሱቁም ደህና ነው። የቀበሌያችን ጓድ መሸሻም እንደ ልማዱ ከስብሰባ መልስ ደጃፌ ላይ ተቀምጦ ሻዬን በነጻ ይጠጣል። እናትህ ግን ደህና አይደለችም። ሰሞኑን ሲያዞራት ጊዜ ሆስፒታል ወሰድኳት። ደም አንሷታል አሉ፤ ሥጋ ትብላ፣ ጉበት ትብላ ብለው መከሩን። እሷም እሺ እሺ ብላ ወጣች። ከበር ስንወጣ ግን "ኪኒኑን እውጣለሁ፣ የሥጋውን ነገር ተዪው" አለችኝ። የምጽፍልህ ለዚህ ነው። መጻፌን አታውቅም፤ ብታውቅ ደጇን ሁለተኛ አልረግጥም።

አምና ለትምህርት ወደ ናዝሬት ስትሄድ መኪና ተራ ድረስ የሸኘሁህ እኔ ነኝ። ሻንጣህን እያነሳህ ያልከኝ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። "እትዬ የሻሽ፣ እናቴ የሠራሁላትን ሥጋ እንኳን ለመቅመስ ተጸየፈችው። እኔ ለእሷ እንግዳ ነኝ" አልከኝ። አፌ ድረስ የመጣውን ቃል መልሼ ዋጥኩት፤ እንዳልናገር ከልክላኝ ነበርና። አሁን ግን በቃኝ። ቁጣዋም ይምጣ፣ እችለዋለሁ።

ከሥሩ ልንገርህ። አባትህ ደረሳ ኦጋዴን ከቀረ በኋላ የዘማች ልጆች ኩባ ሄደው ይማሩ ተባለና ያንተም ስም ወጣ። የፊት ጥርስህ ወልቆ ገና ያልተተካልህ ልጅ ነበርክ። እናትህ የበቆሎ ቂጣ በጥብስ ጠቅልላ በአውቶቡሱ መስኮት አጎረሰችህ። አፍህ ሞልቶ ማልቀስ እንኳን አቃተህ። መኪናው ሲሄድ ቅባቱ ከእጇ ሳይደርቅ፣ እኔ አጠገቧ ቆሜ፣ "ይህ ልጅ ተመልሶ በእጁ እስኪያጎርሰኝ ድረስ ሥጋ በአፌ አይገባም" ብላ ለፈጣሪዋ ቃል ገባች። እኔማ ለቅሶ ያናገራት መስሎኝ ነበር። ወይ ለቅሶ! ስንት ገና፣ ስንት ፋሲካ፣ ስንት ሠርግ አለፈ፤ እናትህ ድርቤ ሽሮዋን ይዛ ጥግ ትቀመጣለች። የጸሎት ወንድሞቿ መጥተው እኛ ጋ እንዲህ ያለ ስለት የለም ቢሏት፣ ስለት አይደለም፣ የእኔና የልጄ ጉዳይ ነው ብላ ሸኘቻቸው።

ከዚያ አንተ መጣህ። ቁመትህ ከበሩ ጉበን ጋር ሲጋጭ፣ እሷ ያን በመስኮት ያጎረሰችውን ልጅ በዓይኗ ትፈልግ ነበር። ኦሮምኛው ከአፍህ ጠፍቷል። አማርኛህን እዚያ አብረውህ ካደጉት የሀገር ልጆች ጋር ይዘኸዋል፤ የእሷ አማርኛ ደግሞ ከገበያ አያልፍም። እንግዲህ በእናትና በልጅ መሀል እኔ ጉራጌዋ ገብቼ አስተርጓሚ ሆንኩ። ሰፈሩ ሲስቅብን ትዝ ይልሃል? አንተ "ናፍቀሽኝ ነበር" ስትላት እኔ ወደ ኦሮምኛ ስመልሰው ድምፄ ይሰበር ነበር። እሷ "ኢልመ ኮ" ስትልህ ግን አልተረጎምኩም። ልጄ ማለት መሆኑን ከፊቷ አንብበኸዋል።

ያን እሁድ እኔ ላብስልላችሁ ብለህ ተነሳህ። ታኮ ይባላል አልከን፤ ከትምህርት ቤታችሁ ወጥ ቤት አንድ የሜክሲኮ ሰው ያስተማረህ። የበቆሎ ቂጣ፣ ፍም ላይ የተጠበሰ ሥጋ፣ ከላዩ አናናስ። አናናስ ከየት አባቴ ላምጣ? ወደ ቆላው፣ ወደ ኡኬ ለሚመላለስ ሹፌር ነግሬ ማንጎ አስመጣሁልህ። ሥጋውን በሎሚ፣ በብርቱካን ጭማቂና በነጭ ሽንኩርት ዘፍዝፈህ አሳደርከው። እኔ በሆዴ የዋህ በግ በከንቱ ታረደ ብያለሁ። ፍሙ ላይ ስትጥለው ግን ሽታው ጓድ መሸሻን ከቀበሌ ጠርቶ አመጣው። ማንጎውን ከትፈህ በቃሪያና በሚጥሚጣ ስትለውሰው የአባትህ አጎት ኦቦ ሞረዳ ከሥጋ ጋር ፍራፍሬ የሚበላ ሰው ሲያዩ የመጀመሪያቸው መሆኑን ነገሩን፤ ልጁን ሐኪም ይየው ሁሉ ብለዋል።

ቂጣው ነው ያስቸገረህ። ስታጥፈው ስንጥቅ ይላል። እናትህ ስታይህ ቆየችና ምንም ሳትል ተነስታ ዱቄቱን በፈላ ውሃ አሸችልህ። ጋገርከው፣ አጠፍከው፣ አልተሰበረም። አንተ ሳቅህ፣ እሷም አንተን አይታ ሳቀች። እኔ ሥራ ፈትቼ ቆምኩ፤ በዚያች ደቂቃ አስተርጓሚ የፈለገ የለም።

የመጀመሪያውን ለእሷ ሰጠሃት። በሁለት እጅህ፣ ጎንበስ ብለህ፣ ያደገ ልጅ እንደሚያደርገው። እጇ ላይ አኖርክላትና ለእኛ ልታወጣ ወደ ፍሙ ዞርክ። እሷን ያየኋት እኔ ነኝ። አፏን ከፈት አድርጋ እየጠበቀችህ ነበር፤ ጀርባህን ስታይ ቀስ ብላ ዘጋችው።

ልንገረው? ብዬ ጎሸም አደረግኳት። ጉልበቴን ጨምቃ ያዘችኝ። "ተዪው የሻሽ" አለችኝ በኦሮምኛ፤ "ተለምኖ የመጣ ጉርሻ ጉርሻ አይደለም። ይህን አትተርጉሚ።"

ሌላው ሰው ጫጫታ ላይ ነበር። ጓድ መሸሻ ታኮውን ዘርግቶ በእንጀራ ጠቀለለው። ኦቦ ሞረዳ ማንጎውን እየለቀሙ ለልጆች ሰጡና፣ አንዷን ቢቀምሱ ጊዜ መልሱልኝ አሉ። እናትህ ግን ቂጣውንና ማንጎውን በላች፤ ሥጋውን አንድም ሳታስቀር ወደ ሰሃኑ ዳር አወጣችው። ሰሃኑን ልታነሳ ስትመጣ ያንን አየህ። ፊትህ ሲለዋወጥ አየሁ፤ አትተርጉሚ ተብያለሁና ሰሃኑን ከእጅህ ተቀበልኩ።

ማንም አልበደለም፣ ነመራ። አንተ ሁሉም የራሱን ሰሃን ይዞ በሚበላበት አዳራሽ ነው ያደግከው፤ ማን አጉርሶህ ያውቃል? እሷም ብትሆን ያን ያህል ዘመን የጠበቀችውን ነገር በአስተርጓሚ ልታዝዝ አልሆነላትም።

አሁን የማታውቀውን ልንገርህ። አንተ ከሄድክ ወዲህ ድርቤ ታኮ ትሠራለች። አዎ፣ እናትህ! ማንጎ ገበያ በወጣ ቁጥር ሥጋውን ዘፍዝፋ ታሳድራለች፣ እንዳሳየኸው ቀጭን ቀጭን አድርጋ ቆርጣ ትጠብሳለች፣ ለጎረቤት ሁሉ ታድላለች። የሙሉ ወንጌሉም፣ የማርያሙም፣ የኢድ ቀን ሲሆን ከሙስሊም ጎረቤት ሥጋ ቤት እየገዛች የመስጊዱም ይበላል። ጨውን የምቀምስላት እኔ ነኝ፤ እሷማ አትቀምስም። ሁልጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው የምትጠይቀኝ፤ "የሱን ይመስላል?" እኔም ትንሽ ይቀረዋል እላታለሁ። ካንተ ይበልጣል ብላት ትቀየመኛለች።

ማንጎው ዘንድሮም ደርሷል። እናቴ ታማለች ብለህ ፈቃድ ጠይቅ፤ ውሸት አይሆንብህም። አውቶቡስ ውስጥ መተኛት እንደምትወድ አውቃለሁ፣ ነቀምቴ ሳትገባ አኖ ከተማ ስትደርስ ግን ንቃ፤ ፊትህን ታጥበህ ግባላት። ፍሙን እኔ አያይዛለሁ። ቂጣውን እሷ ትጋግረው። ጠቅልለህ ስትጨርስ እጇ ላይ አታስቀምጥላት፤ ወደ ፍሙም አትዙር። አጠገቧ ቁጭ በልና ወደ አፏ አድርስላት።

ተለምኖ የመጣ ሆነብኝ እንዳትል። እሷ አልለመነችህም። የለመንኩህ እኔ ነኝ።

ስትጎርስ ታለቅስ ይሆናል፤ አትደንግጥ። የሆነ ነገርም ትልህ ይሆናል። ያኔ ወደ እኔ እንዳትዞር፣ አልተረጉምልህም። አንዱን ስትውጥ ድገማት።

ኮቱ ልጄ፣ ቶሎ ና።

አስተርጓሚህ
የሻሽወርቅ